የደበዘዘ የመኪና መብራት በጥርስ ሳሙና አይድንም፦ በስፋት ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። የደበዘዘና ቢጫ የሆነ የመኪና የፊት መብራት በአሥር ደቂቃ፣ ያለ ጋራዥ፣ ቤት ውስጥ ባለ ነገር አዲስ እንደሚሆን ይናገራል። ከላኩልኝ ሰዎች መካከል በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩም አሉበት። ለምን እንደተወደደ ይገባኛል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተሰማ ወዲህ፣ ብዙዎቻችን ያለንን አሮጌ መኪና እየጠገንን ይዘን ከመቆየት በቀር ምርጫ የለንም። የመለዋወጫ ዋጋም የሚቀመስ አልሆነም። በዚህ ሰዓት «በጥርስ ሳሙና ይጠራል» የሚል ሰው ሲመጣ ጆሮ ማግኘቱ አይገርምም።

ችግሩ ምክሩ ስህተት መሆኑ ነው። ከፊሉ ጊዜና ጉልበት ያባክናል፤ ከፊሉ ደግሞ መብራቱን ጨርሶ ያበላሻል፣ ሰውም ይጎዳል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በሐምሌ ዝናብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ጥቁር ጃኬት ለብሶ የሚያቋርጥ ሰው በጊዜ መታየቱና አለመታየቱ በዚህ መብራት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መብራቱ የሚደበዝዘው በአቧራና በአምፖሉ ሙቀት ነው፤ አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ፀሐይ ምክንያት ልትሆን አትችልም ይላል። ሁለተኛ፣ የጥርስ ሳሙና ብቻውን ይበቃል፤ ሎሚ ወይም ኮካ ኮላ ቢጨመርበት የበለጠ ያጠራል። ሦስተኛ፣ የብርጭቆ ወረቀት መብራቱን ስለሚቧጭር ፈጽሞ አይነካ። አራተኛ፣ አልጠራ ላለው ቤንዚን ወይም የትንኝ መከላከያ ይቀባ። አምስተኛ፣ ከጠራ በኋላ ሌላ ነገር መቀባት የጋራዦች ገንዘብ ማግኛ ነው። ስድስተኛ፣ ብርሃኑ አሁንም ካነሰ ኃይለኛ አምፖል ይግባበት። በመጨረሻም አዲስ መብራት መግዛት ሁልጊዜ ብክነት ነው ሲል ይደመድማል።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ የቀረው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን መብራቱን የሚጎዳው በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ለዚህ ጨረር ደግሞ የአየሩ መቀዝቀዝ ምኑም አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያጣራው አየር ስለሚሳሳ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስለምንገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ በአናታችን ታልፋለች። ካዛንቺስ መንገድ ዳር ከጠዋት እስከ ማታ የቆመ መኪና፣ ባለቤቱ ሹራብ ደርቦ በሚውልበት ቀን እንኳ መብራቱን ጨረር ሲበላው ይውላል።

የሚበላው ምኑን ነው? የዛሬ መኪኖች የመብራት ፊት የሚሠራው ከፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ነው። ጠርዙን በደንብ ብታዩ በብዙዎቹ ላይ ፒ እና ሲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ታገኛላችሁ፤ የፕላስቲኩን ዓይነት የሚገልጹ ናቸው። ይህ ፕላስቲክ ጠጠር ቢመታው በቀላሉ አይሰበርም፣ ቀላል ነው፣ እንደተፈለገም ይቀረጻል። ሁለት ድክመት ግን አለው፤ ቶሎ ይቧጨራል፣ አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ፋብሪካው ላዩ ላይ ጨረርንም ጭረትንም የሚከላከል ስስና ጠንካራ ሽፋን ቀብቶበት ያወጣዋል። ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ የሚያልቀው ይህ ሽፋን ነው። ይሰነጣጠቃል፣ ይላጣል፣ ከዚያ በታች ያለው ራቁቱን የቀረ ፕላስቲክ መቃጠል ይጀምራል። ደበዘዘ የምንለው ይህን ነው።

የአምፖሉ ሙቀት ዋናው ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ የምናየው ነገር ሌላ ይሆን ነበር። ለረጅም ዓመታት የከተማችን ታክሲ የነበሩትን ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች አስታውሱ። አምፖላቸው ይግል ነበር፣ አቧራውም አልቀረላቸውም፤ ሆኖም የመብራታቸው ፊት እውነተኛ መስታወት ስለነበረ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ እንኳ ቢጫ አልሆነም። የድሮዎቹ ኮሮላዎችም እንዲሁ። ሁለተኛው ማስረጃ አሁን በር ላይ የቆመው መኪናችሁ ላይ አለ፤ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቀድሞ የሚበላሸው ወደ ሰማይ ያጋደለው፣ ወደ ኮፈኑ የሚጠጋው የላይኛው ክፍል ነው፤ ወደ ባምፐሩ የሚወርደው ክፍል ለረጅም ጊዜ ጥርት ብሎ ይቆያል። ከፍሬቻው ፊት ለፊት ያለው ጥግም፣ ለረጅም ጊዜ በርቶ የሚግል አምፖል ሳይኖረው፣ እኩል ይደበዝዛል። ሙቀት ከውስጥ ቢሆን የሚያቃጥለው የአምፖሉን ትይዩ እንጂ ሰማይ የሚያየውን አይመርጥም ነበር።

አቧራውን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው። ፒያሳና አራት ኪሎ የኮሪደር ልማት ቁፋሮ በነበረበት ጊዜ መኪና ላይ የተጋገረውን አቧራ ያየ ሰው ይህን አይክድም። አቧራው በራሱ ፕላስቲኩን ቢጫ አያደርገውም፤ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ግን ሽፋኑን ይፍቀዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል። መንገድ ላይ ቆማችሁ የሚጠርጉላችሁ ልጆች መጀመሪያ ውሃ እንዲያፈሱበት ንገሯቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሙከራ አድርጉ፤ ጽሑፉ ይህን ጭራሽ አላነሳውም። ንጹሕ ውሃ በመብራቱ ላይ አፍስሱበት። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ፊቱ ጥርት ካለና ሲደርቅ ተመልሶ ከደበዘዘ ጉዳቱ በውጭ በኩል ነው፤ ሊሠራ ይችላል። ውሃ እየፈሰሰበትም እንደደበዘዘ ከቀረ ግን ጉዳቱ ውስጥ ነው፤ ወይም ውሃ ገብቶበት ውስጡ ጭጋግ ይዟል፣ ወይም ከኋላ ያለው አንጸባራቂው ተቃጥሏል። ያን ጊዜ ከላይ የሚደረግ ፍተጋ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ይህ ሙከራ ሌላም ነገር ያስረዳል። ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅ መብራቱን ለጊዜው የሚያበራው ለምን እንደሆነ ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ፈሳሹ ጥቃቅኖቹን ስንጥቆች ሞልቶ ብርሃኑ ሳይበተን እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ሲተን ወይም ዝናብ ሲያጥበው ስንጥቁ እንደነበረ ይመለሳል። በአንዳንድ ላቫጆ ለጎማና ለባምፐር የሚቀባው ማብሪያ መብራቱ ላይ ሲያርፍ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጥርስ ሳሙናው። ጨርሶ አይሠራም ብል እዋሻለሁ። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስን ለመፈተግ የተሠራ በጣም የላመ ዱቄት አለ፤ ሲሊካ ወይም ካልሲየም ካርቦኔት። ስለዚህ የላይኛውን ስስ ጭጋግ ፈትጎ ያነሳል፤ መብራቱ ገና መደብዘዝ የጀመረ ከሆነ ልዩነት ታያላችሁ። ዛሬ ማታ የግድ መንዳት ያለበትና ሌላ ምንም የሌለው ሰው ቢሞክረው አልቃወምም። ነገር ግን ጥርስን እንዳይጎዳ ተብሎ የለዘበ ነገር፣ ፋብሪካ ላይ የደረቀ ጠንካራ ሽፋንን የማንሳት አቅም የለውም። ሽፋኑ በከፊል ተላጥቶ በከፊል የቀረ መብራት ላይ ሲፈተግ የተላጠው ቦታ ይጠራል፣ ያልተላጠው ባለበት ይቀራል፤ መብራቱም ቀን ላይ ዥንጉርጉር ይሆናል፣ ማታ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትናል። ጽሑፉ ላይ የተያያዙት ፎቶዎች የተነሡት ወዲያው እንደታጠበ፣ ገና እርጥብ ሆኖ ነው። ውሃ ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል።

ሎሚውና ኮካ ኮላው አሲድ አላቸው። አሲድ ዝገትን ያለሰልሳል፤ ፖሊካርቦኔት ግን አይዝግም። ጸሐፊው የዝገትን መድኃኒት ላልዛገ ነገር አዘዋል። የሚተርፈው ስኳሩ ነው፤ አቧራ ይሰበስባል።

የብርጭቆ ወረቀትን መፍራት ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ ተፈጥሯዊ ነው። ሥራውን ስትጀምሩ መብራቱ ከቀድሞው የባሰ ይሆናል። በቁጥር 800 ከተፈተገ በኋላ ወተት እንደተደፋበት ነጭ ሆኖ ምንም አያሳይም። ብዙ ሰው ደንግጦ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው፤ ከዚያም «የብርጭቆ ወረቀት አበላሸብኝ» ብሎ ያወራል። ያቆመው ግን መሃል መንገድ ላይ ነው። አሠራሩ እያንዳንዱ ወረቀት ከእሱ በፊት የነበረው የተወውን ጭረት በራሱ ባነሰ ጭረት እየተካ የሚሄድበት ነው፤ ከ800 ወደ 1000፣ ከዚያ 1500፣ 2000፣ 3000። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ወረቀቱ ይልማል። በመጨረሻ የቀረው ጭረት ዓይን የማያየውና ብርሃንም የማይሰናከልበት ይሆናል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ደግሞ ከ1000 ወይም ከ1500 መነሳት ይቻላል፤ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ሻካራ ወረቀት አትጠቀሙ።

ወረቀቱ ውሃ የሚችለው ጥቁሩ መሆን አለበት። መጀመሪያ በመብራቱ ዙሪያ ያለውን የኮፈን፣ የፓራፋንጎና የባምፐር ቀለም፣ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ድርብርብ አድርጋችሁ ሸፍኑ፤ አንድ ጊዜ አዳልጧችሁ ቀለሙን ብትነኩት ቁጠባችሁ ሁሉ እዚያው ያልቃል። መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም። ወረቀቱን ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ያለበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ስትሠሩም ውሃ አታቋርጡ። በመጀመሪያው ቁጥር ወደ ጎን ከፈተጋችሁ በቀጣዩ ወደ ላይና ወደ ታች ፈትጉ። የፊተኛው ጭረት ማለቁ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ አቅጣጫው የተለየ ጭረት ከቀረ በጉልህ ይታያል። እሱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ቁጥር አትሂዱ።

ከሁሉ በላይ የሚወርደውን ውሃ እዩት። መጀመሪያ ላይ ቢጫ የቀላቀለ ዝቃጭ ይወርዳል። ያ የሞተው የፋብሪካ ሽፋንና የተቃጠለው የፕላስቲኩ ቆዳ ነው። ፍተጋው ሲቀጥል ቢጫው እየቀነሰ ይሄድና የሚወርደው ንጹሕ ነጭ ይሆናል። የመጀመሪያው ወረቀት ሥራ የሚያበቃው ያኔ ነው። በጣታችሁ ዳስሱት፤ አንዱ ቦታ ሻካራ ሌላው ልስልስ ሆኖ ከተሰማችሁ የሽፋኑ ቅሪት አለ ማለት ነውና ቀጥሉ። በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። ለሁለቱም መብራት ግማሽ ቀን ብትመድቡለት ሳትቻኮሉ ትሠሩታላችሁ።

ድሪል ላይ በተሰካ ስፖንጅ በፍጥነት ለመጨረስ የሚሞክሩም አሉ። ልምድ ያለው እጅ ይችለዋል። ለጀማሪ ግን አልመክርም፤ ፖሊካርቦኔት 147 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ አንድ ቦታ ላይ የቆየ ድሪል ደግሞ ያን ሙቀት ቶሎ ይፈጥራል። የቀለጠ ቦታ ተመልሶ አይጠራም።

ስለ ቤንዚኑና ስለ ትንኝ መከላከያው ለስለስ ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ይህ የጽሑፉ ክፍል መሰራጨት የለበትም። ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ያጠቃሉ። ሲቀቡት ላዩን በጥቂቱ ስለሚያሟሙት ለጊዜው ልስልስና ብሩህ ይመስላል፤ ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ይህ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ስንጥቆች ይወጣሉ። እነዚህ ስንጥቆች ላይ ላዩን ብቻ ስላልሆኑ በፍተጋም አይወጡም፤ መብራቱ ይጣላል። የትንኝ መከላከያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ዴት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ፕላስቲክን ስለሚያበላሽ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ወደ ባምፐሩ ሲወርድ ደግሞ ቀለም ያበላሻል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት፣ ጥግ ላይ ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ግቢ ውስጥ ቤንዚን በጣሳ አስቀምጦ መብራት መጥረግ እሳት መጋበዝ ነው። መብራት በቤንዚን አይጠረግም፤ እዚህ ላይ መካከለኛ ሐሳብ የለኝም።

በቪዲዮ የሚታየው፣ ከሚሞቅ ኩባያ በቱቦ የሚወጣ ጭስ መብራቱን በሰከንዶች የሚያጠራበት ዘዴም የዚሁ ዘመድ ነው። ጭሱ ብዙውን ጊዜ ዳይክሎሮሜቴን የተባለ ሟሚ ትነት ነው፤ ወደ ሰውነት ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በተዘጋ ቦታ የሚሠራበት ሰው ራሱን እየመረዘ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልዩነታችን ደርሻለሁ። ጸሐፊው «ከጠራ አለቀ፤ ሌላ መቀባት የጋራዦች ገንዘብ ማግኛ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሥራው እዚህ ላይ ገና ግማሽ ነው እላለሁ። መብራቱ እስኪጠራ ድረስ የሠራነው የሞተውን ሽፋን ማንሳት ብቻ ነው። አሁን ፕላስቲኩ ምንም መከላከያ የለውም፤ ፋብሪካው ራሱ እንዲህ አድርጎ መንገድ ላይ አላወጣውም። ዚንኩ የለቀቀ የጣሪያ ቆርቆሮ ዝገቱን ፍቀህ ቀለም ሳትቀባው ብትተወው በቀጣዩ ክረምት ከበፊቱ ብሶ ይጠብቅሃል። መብራቱም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ያልተሸፈነን ፖሊካርቦኔት በጥቂት ወራት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ውስጥ ያደበዝዘዋል። «ጠራልኝ ብዬ ነበር፣ ከበፊቱ ፈጥኖ ተመለሰ» የሚሉ ሰዎችን ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ሳይሸፍኑ የተዉት ናቸው።

ለመሸፈን ያለው አማራጭ ከአንድ በላይ ነው፤ ሁሉም እኩል አይደለም። ርካሹና ቀላሉ የመኪና ሰም ነው፤ ግን ቶሎ ስለሚታጠብ በየወሩ ገደማ መድገም ይጠይቃል። ለማይዘናጋ ሰው ይህም መንገድ ነው። የተሻለው አልትራቫዮሌት የሚከላከል፣ ለመብራት ተብሎ የተሠራ ክሊር (ቀለም የሌለው መሸፈኛ) ስፕሬይ ነው። ፍተጋው ሲያልቅ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል፣ ከፋርማሲ በሚገዛ ንጹሕ አልኮል ይወለወላል፣ ከዚያም አቧራ በሌለበት ቦታ ስስ ስስ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነፋል። ለእጅ የምንጠቀመው ሳኒታይዘር ግን አልኮልን አይተካም፤ ብዙው ግሊሰሪን ስላለበት ቅባት ትቶ ክሊሩ እንዳይዝ ያደርጋል። ስፕሬይ የምትነፉ ከሆነ በማብሪያ ፓስታ (ጭረትን እያሸ በሚያጠፋ ቅባት) መጨረስ አያስፈልግም፤ ክሊሩ የቀረውን ስስ ጭረት ይሞላዋል፣ የፓስታው ቅባት ግን ክሊሩን ያስለቅቀዋል። ዝናብ በሚያዘንብበት ወይም እርጥበት በበዛበት ቀን አትንፉ፤ ነጭ ጭጋግ ይዞ ይደርቃል። ለእንጨት የሚሆን ተራ ቫርኒሽ ደግሞ ፈጽሞ አትቀቡ፤ ቫርኒሹ ራሱ ቢጫ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበረታው የመኪና ቀለም ቤቶች ከማጠንከሪያ ጋር ቀላቅለው የሚነፉት ክሊር ነው። እሱን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ነገር አለበት፤ ተገቢው የመተንፈሻ ጭምብል ያስፈልጋል፣ የጨርቅ ማስክ አይበቃም። ፍተጋውን ቤት ጨርሳችሁ የመጨረሻውን ንፊያ ለቀለም ባለሙያ ብትሰጡ ከሁለቱም ወገን ጥሩውን ታገኛላችሁ፤ እኔ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው።

ስለ ጋራዦች የተባለው ግን ጨርሶ ሐሰት አይደለም። በማብሪያ ፓስታ ብቻ አሽተው፣ ሳይሸፍኑ፣ የሙሉ ሥራ ዋጋ የሚያስከፍሉ አሉ። የእነሱ ሥራ ከጥርስ ሳሙናው ብዙም አይሻልም፤ የጸሐፊው ቁጣ በእነዚህ ላይ ቢሆን አብሬ እቆማለሁ። መለያው ቀላል ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ሲያልቅ በምን ትሸፍነዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሰው ጋ አታሠሩ። ጸሐፊው ግን መጥፎ ሠራተኛን ጠልተው ሥራውን ራሱን አላስፈላጊ ነው አሉ። እዚህ ላይ ነው የምንለያየው።

የኃይለኛው አምፖል ነገር አጭር ነው። በብዙ መኪኖቻችን ላይ ያለው ኤች ፎር አምፖል ለአጭር መብራት 55፣ ለረጅም 60 ዋት ነው፤ ገመዱም ሶኬቱም አንጸባራቂውም የተሠሩት ለዚያ ነው። 100 ዋት ሲገባበት ሶኬቱ ሊቀልጥ፣ አንጸባራቂው ሊጠቁር ይችላል። ፊቱ ደብዝዞ ሳለ ብርሃን መጨመር ደግሞ የሚበተነውን ብርሃን መጨመር ነው፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል፣ አስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ግን ያን ያህል አይጨምርም።

አዲስ መብራት መግዛት «ሁልጊዜ ብክነት ነው» የሚለውስ? እዚህ ላይ «ሁልጊዜ» ከምትለው ቃል በቀር ጸሐፊው ከእውነት አልራቁም። ገና ሊሠራ የሚችል መብራት ጥሎ አዲስ መግዛት ለብዙ ሰው ከአቅም በላይ ነው፤ ርካሽ አስመስሎ የተሠራ መብራትም ከፋብሪካው ጋር እኩል ብርሃን ላይሰጥ ይችላል። ነገር ግን የታደሰ መብራት አዲስ አይሆንም። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሙከራ፣ ክፉኛ የደበዘዙ መብራቶች በአጭር መብራት የሰጡት ብርሃን የአዲሱን 22 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ በባለሙያ ሲታደሱ ወደ 70 በመቶ ገደማ ተመለሱ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። እዚያው ሙከራ ላይ የታደሱት መብራቶች ፊት ለፊት የሚመጣን ሰው የሚያስቸግር ብትን ብርሃን ከሚፈቀደው በላይ እንደነበራቸውም ታይቷል። ይህን መደበቅ እኔንም ከጸሐፊው አያሻለኝም።

ስለዚህ አንዳንዴ መለወጥ የግድ ነው። የውሃው ሙከራ ጉዳቱ ውስጥ መሆኑን ካሳየ፣ ፕላስቲኩ የሸረሪት ድር ከያዘ፣ ወይም ከዚህ በፊት ደጋግሞ ተፈትጎ ከሳሳ ይለወጥ። አንድ ሌላ ሁኔታም አለ፤ እዚህ ብዙም ሲነገር አልሰማም። በግራ በኩል ለሚነዳበት አገር ተሠርቶ መሪው የተዞረለት መኪና ከሆነ መብራቱንም አስመርምሩት። አጭር መብራት ወደ መንገዱ ጠርዝ በኩል ከፍ እንዲል ተደርጎ ይሠራል፤ የግራ ነጂ አገር መብራት የሚነሳው ወደ ግራ ነው፣ ያ ደግሞ እኛ ጋ ፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ያለበት ወገን ነው። ደብዝዞ ሳለ ብዙም አይታወቅም። አጥርታችሁ ስትሸፍኑት ግን በየምሽቱ ሰው ዓይን ላይ የሚያበራ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ መብራት እድሳት መፍትሔ አይደለም።

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የመያዣ እግሮቹ ያልተሰበሩ፣ አንጸባራቂው ያልጠቆረ መሆኑን እዩ፤ ውሃ አፍስሳችሁም ሞክሩት። ከአገልግሎት ላይ የወጣ ስለሆነ ሽፋኑ እንደ እናንተው መብራት ሽፋን አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ቢያበራም መሸፈን ይፈልጋል። ከተገጠመ በኋላ፣ የታደሰም ቢሆን አዲስ፣ ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ ፊት አቁማችሁ ሁለቱም መብራቶች እኩል ከፍታ ላይ ማረፋቸውን አረጋግጡ፤ ከተዛነፈ በማስተካከያው ብሎን ይስተካከላል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ሰውን ለመርዳት እንደጻፉም አልጠራጠርም። አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። የጥርስ ሳሙናውን ምክር ቢተዉትም ቢያቆዩትም የሚባክነው ጊዜ ነው፤ የቤንዚኑንና የ100 ዋት አምፖሉን አንቀጽ ግን ያውጡት፣ ጽሑፉን ለላኩላቸው ሰዎችም እርማቱን ይላኩላቸው። ጽሑፉን ያስተላለፋችሁትም እንዲሁ አድርጉ፤ በተለይ ማታ ለሚሠሩ የታክሲ ሾፌሮች።